በውሃ ርጭትና በማራገቢያ ከፋብሪካ ጢስ ውስጥ አቧራን ስለ ማስወገድ

በአገራችን ቤት የሚጠርግ ሰው መጥረጊያውን ከማንሣቱ በፊት በወለሉ ላይ ውሃ ያርከፈክፋል። ይህን ልማድ ያስተማረን ትምህርት ቤት አይደለም፤ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። ውሃ ያልነካው ወለል በተጠረገ ጊዜ ትቢያው ተነሥቶ በመደቡም፣ በዕቃውም፣ በጠራጊውም አፍንጫ ላይ ያርፋል፤ ውሃ የነካው ግን እርስ በርሱ ተያይዞ ከመጥረጊያው ፊት ይሄዳል። በዓለም ላይ ያሉ ፋብሪካዎች ከጢስ ማውጫቸው የሚወጣውን አቧራ ለመያዝ ከሚጠቀሙባቸው ብልሃቶች የአንደኛው መሠረት ይኸው ነው። ዳሩ ግን በወለል ላይ የተኛውን አቧራ ማርጠብና በአየር ውስጥ የሚበረውን አቧራ ማርጠብ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ሁለተኛው እጅግ የከበደ ነው፤ የሚከብድበትም ምክንያት ከሰው ሳምባ ጤና ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለ ሆነ በዚህ ወር ጽሑፋችን ልናብራራው አስበናል።

የጎጃም ደጋ ሕዝብ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ አቧራ ሲባል የሚያስበው የበጋውን መንገድ፣ የአውድማውን እብቅና የወፍጮ ቤቱን ዱቄት ነበር። አሁን ግን ነገሩ እየሰፋ ሄዷል። ለመንገድና ለሕንፃ የሚሆን ጠጠር የሚያዘጋጁ የድንጋይ መፍጫ መኪናዎች በከተሞች ዳርቻ ይታያሉ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ በገደሉ ላይ ተደራርቦ የሚታየው የኖራ ድንጋይ፣ ከሱም በታች የሚገኘው ጀሶ፣ ለሲሚንቶ ሥራ የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ናቸውና የኢንዱስትሪ ሰዎች ዓይን ካረፈባቸው ቈይቷል። በቈላው በኩል ደግሞ በጃዊ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ተተክሏል። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤቶች ከተቀመጡት ልጆች አንዳንዶቹ ነገ በእንደዚህ ያለ ስፍራ ሠራተኞች፣ ወይም ጎረቤቶች፣ ወይም ተቈጣጣሪዎች መሆናቸው አይቀርም። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ «ጢሴን አጥባለሁ» ባለ ጊዜ ምን ማለቱ እንደ ሆነ፣ ማጠቡስ በምን እንደሚታወቅ መምህራንና የከተማው ሕዝብ ሊረዱት ይገባል።

ስለ አቧራ መጠን

የአቧራ ቅንጣት የሚለካው ማይክሮን በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ሚሊሜትር በአንድ ሺህ ቢከፈል አንዱ ክፍያ አንድ ማይክሮን ይሆናል። የሰው ጠጕር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው። ከ10 ማይክሮን የሚበልጠው አቧራ አብዛኛው በአፍንጫ ጠጕርና በጕሮሮ እርጥበት ላይ ተይዞ በንፍጥና በአክታ ይወጣል። ከ10 የሚያንሰው ወደ ደረት ቧንቧዎች ያልፋል። ከ4 ማይክሮን በታች የሆነው ግን የሳምባ የመጨረሻ ክፍል እስከ ሆኑት፣ አየርና ደም እስከሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። እዚያ የደረሰውን በሳል ማውጣት አይቻልም።

ደቃቁ አቧራ ከትልቁ የሚብስበት ሌላም ጠባይ አለው። ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ 10 ማይክሮን የሆነ የድንጋይ ብናኝ ከሁለት ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ በአራት ደቂቃ ግድም ውስጥ ወለሉ ላይ ያርፋል። አንድ ማይክሮን የሆነው ግን ያንኑ ሁለት ሜትር ለመውረድ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ይህም አየሩ ፈጽሞ ካልተናወጠ ነው፤ ሰው በሚመላለስበት ስፍራ ግን ቀኑን ሙሉ ሊንሳፈፍ ይችላል። እንግዲህ ለዓይን የማይታየው አቧራ በአየር ውስጥ ብዙ የሚቈየውና በሳምባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ያው አንዱ ነው ማለት ነው። ልብሳችንን ነጭ የሚያደርገው ወፍራሙ አቧራ ከዚህኛው ጋር ሲነጻጸር ያን ያህል አያስፈራም።

በአገራችን ስለዚህ ነገር የተደረጉ ጥናቶች አሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በሆነው በድሬዳዋ ፋብሪካ የተካሄደና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ሠራተኞቹ በሥራ ሰዓታቸው የሚተነፍሱትን አቧራ ለክቶ ነበር። የክሬን ክፍል ተብሎ በሚጠራው ስፍራ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በአማካይ 38.6 ሚሊግራም፣ በማሸጊያው ክፍል 18.5 ሚሊግራም፣ በጥበቃዎቹ ዘንድ ግን 0.4 ሚሊግራም አቧራ ተገኘ። ብዙ አቧራ ከሚያገኛቸው ሠራተኞች ውስጥ ከመቶው 85ቱ አፍንጫቸው እንደሚታፈን፣ 47ቱ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ተናገሩ። በኀይል ሲተነፍሱ የሚያወጡት አየርም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው ይልቅ ሥራ ሲጨርሱ ቀንሶ ተገኘ። አንባቢ እዚህ ላይ እንዲያስተውል የምንፈልገው በአንድ ግቢ ውስጥ በሚውሉ ሰዎች መካከል ወደ መቶ እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት መኖሩን ነው። የሠራተኛውን ዕድል የሚወስነው ፋብሪካው ራሱ ብቻ ሳይሆን አቧራው በሚነሣበት በያንዳንዱ ስፍራ የሚያዝበት መሣሪያ መኖሩና አለመኖሩም ጭምር ነው።

ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ያለበት ድንጋይ ሲፈጭና ሲጠረብ የሚነሣው ብናኝ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ሲሊኮሲስ የተባለውን፣ ሳምባን የሚያደነድንና መድኃኒት የሌለውን በሽታ ያመጣል፤ ለሳምባ ነቀርሳም በር ይከፍታል።

ጠብታ አቧራን እንዴት እንደሚይዝ

ብዙ ሰው ውሃ አቧራን የሚይዘው ስለሚያሟሟው ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። የድንጋይም፣ የአመድም ብናኝ በውሃ አይሟሟም። ውሃ አቧራን የሚይዘው በመጋጨት ነው፤ ጠብታውና ቅንጣቱ ተጋጭተው ሲጣበቁ ቅንጣቱ ብቻውን ሳለ ያልነበረውን ክብደት ያገኝና አብሮ ይወድቃል።

ግጭቱ እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ከአውድማ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ምርቱን በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ ሲያነሡት እህሉ ከፊታቸው ይወድቃል፤ ገለባውና እብቁ ግን ነፋሱ ወደ ወሰዳቸው ይሄዳሉ። ከባዱ የራሱን መንገድ ይከተላል፤ ቀላሉ የነፋሱን መንገድ ይከተላል። በፋብሪካው ማጠቢያ ውስጥም እንዲሁ ነው። አየሩ ወደ ውሃው ጠብታ በደረሰ ጊዜ ወንዝ ቋጥኝን እንደሚዞር ጠብታውን ዞሮ ያልፋል። ከባዱ አቧራ እንደ እህሉ መንገዱን ሳይለውጥ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከጠብታው ጋር ይላተማል። ደቃቁ አቧራ ግን እንደ እብቁ ከአየሩ ጋር ዞሮ ያመልጣል። ክረምት አየሩን አጥቦ የጮቄን ተራራ ከሩቅ ጠርቶ እንዲታይ ሲያደርግ የሚወስደው በተለይ ወፍራሙን አቧራ መሆኑ፣ ደቃቁን ግን ዝናብ በቀላሉ የማያገኘው መሆኑ በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ደቃቁን ለመያዝ ምን ይደረጋል? አንዱ መንገድ ጠብታውን ማሳነስ ነው፤ ቋጥኙ ባነሰ ቍጥር የሚዞረው ውሃ ጠምዛዛነቱ ይበልጣልና ቅንጣቱ ተከትሎ መታጠፍ ያቅተዋል። ነገር ግን ይህም ልክ አለው። ጠብታው እንደ ጉም ከደቀቀ እርሱም እንደ አቧራው ከአየሩ ጋር ይንሳፈፋል፤ በአንድ መንገድ በአንድ ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት መንገደኞች ደግሞ አይገናኙም። ከላይ ወደ ታች በክብደቱ ብቻ ለሚወርድ ርጭት ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር የሚሆን ጠብታ የተሻለ ነው። ሁለተኛው መንገድ የአየሩንና የጠብታውን የፍጥነት ልዩነት ማብዛት ነው። የማራገቢያው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የማጠቢያ ዓይነቶችና ማራገቢያው

ከሁሉ የቀለለው ማጠቢያ ባዶ ግንብ ነው። ጢሱ ከታች ይገባል፤ ውሃው ከላይ በአፈሙዞች ይረጫል፤ አቧራውን የያዘው ውሃ ከግርጌው ይሰበሰባል። ማራገቢያው ጢሱን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ከመሳብ በቀር የሚሠራው ብዙ የለም። ይህ ግንብ ከ10 ማይክሮን በላይ የሆነውን አቧራ በደንብ ይይዛል፤ ከዚያ በታች ግን ሥራው ይደክማል፤ ሳምባ የሚደርሰውን ደቃቅ አቧራ አብዛኛውን ያሳልፈዋል። የዚህ ዓይነት ግንብ ያለው ፋብሪካ «አጥባለሁ» ቢል አልዋሸም፤ ነገር ግን ከጢሱ ውስጥ ለሰው የሚከፋውን አላጠበም።

ሁለተኛው ዓይነት ውሃውን በማራገቢያው በራሱ እምብርት ላይ የሚረጨው ነው። በጀርመን አገር ታይሰን የተባለ መሐንዲስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ግድም ከብረት ማቅለጫ እቶን የሚወጣውን ጋዝ ለማጠብ የሠራው መኪና ከዚህ ወገን ነው። ጋዙን ማጠብ ያስፈለገው በዚያ ዘመን ለጤና ተብሎ አልነበረም፤ ጋዙ ሞተር ስለሚያንቀሳቅስ አቧራው ሞተሩን እንዳይበላው ነው። የሰው ሳምባ ከሞተር በኋላ መታሰቡን በዚህ እግረ መንገዳችንን እናስተውላለን። በዚህ መኪና ውስጥ የሚሽከረከሩት ምላሶች ውሃውን ይሰብሩታል፤ ጠብታውንም አቧራውንም አንድ ላይ ወደ ግድግዳው ይወረውሯቸዋል። ስለዚህ ማራገቢያው ሳቢም አጣቢም ይሆናል። ጥቂት ማይክሮን የሆነውን አቧራ ይይዛል፤ ምላሶቹ ግን በአቧራውና በውሃው ስለሚበሉ በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋቸዋል።

ሦስተኛው ቬንቱሪ የሚባለው ሲሆን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ለኢንዱስትሪ የዋለ ነው። ቧንቧው በመካከሉ እንደ ጠርሙስ አንገት ይጠባል። ጢሱ በዚያ ጕሮሮ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ከ60 እስከ 120 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ሲያልፍ በዚያው ስፍራ የፈሰሰውን ውሃ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይበትነዋል። ጠብታው ገና ሲወለድ የቆመ ያህል ነው፤ አቧራው ግን እንደ ጥይት ይመጣል። አምልጦ መዞር የሚችለው ቅንጣት ጥቂት ነው። አንድ ማይክሮንና ከዚያም በታች የሆነውን አቧራ በውሃ ለመያዝ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ዋነኛው ይህ ነው።

ዋጋው ግን በማራገቢያው በኩል ይከፈላል። ጢስን በጠባብ ጕሮሮ አሳልፎ ለመሳብ ብርቱ ግፊት ያስፈልጋል። ይህን ግፊት መሐንዲሶች በውሃ ዐምድ ሚሊሜትር ይለኩታል። መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት የሚያስፈልጋቸው እንደ ቀለበት ግማሽ የታጠፈ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦና ቀለም የገባበት ውሃ ብቻ ነው፤ በአንደኛው አፍ ሲነፋበት በሌላኛው በኩል ውሃው ከፍ ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት የትንፋሹ ግፊት ነው። ባዶው ግንብ ጥቂት አሥር ሚሊሜትሮች ይበቁታል፤ ቬንቱሪው ግን ከ250 እስከ 1500 ሚሊሜትር ሊጠይቅ ይችላል።

በቍጥር እንመልከተው። በአንድ ሴኮንድ 10 ሜትር ኩብ ጢስ የሚወጣበት አንድ መለስተኛ ምድጃ አለ እንበል። ማጠቢያው 100 ሚሊሜትር ግፊት ቢፈልግ፣ የማራገቢያውን ብክነት ጨምረን፣ 15 ኪሎ ዋት ግድም ኀይል ይበቃዋል፤ ይህ አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ ማብራት ነው። አንድ ሺህ ሚሊሜትር ቢፈልግ ግን 150 ኪሎ ዋት፣ ማለት አርባ ምጣድ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ እንደ ማብራት ይሆናል። ይህ ወጪ በየወሩ በመብራት ሒሳብ ላይ ይታያል፤ ጥቅሙ ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። ስለዚህ ባለፋብሪካ ርካሹን ግንብ ለማቆም፣ ወይም ቬንቱሪውን አቁሞ ማራገቢያውን ዝቅ አድርጎ ለማስኬድ ሲፈተን እናያለን። በሁለቱም መንገድ ውሃው ሲፈስ ይታያል፤ ደቃቁ አቧራ ግን ያልፋል።

የማራገቢያው ቦታም ነገር አለው። ከማጠቢያው በፊት ቢተከል አቧራ የተሞላ ጢስ ስለሚያልፍበት ምላሶቹ ቶሎ ይበላሉ፤ ከሱ በኋላ ያለው ቧንቧ ሁሉ ወደ ውጭ ስለሚገፋም ቀዳዳ በተገኘበት አቧራው ወደ ሠራተኛው ይተፋል። ከማጠቢያው በኋላ ቢተከል ግን ይስባል እንጂ አይገፋምና ቀዳዳ ቢኖር የውጩ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ለሠራተኛው ጤና የሚሻለው ይህ ነው። ዳሩ ግን በዚህ ጊዜ በማጠቢያውና በማራገቢያው መካከል ጠብታ የሚያስቀር መለያ ሊኖር ግድ ነው፤ አለዚያ ጭቃ የያዘው ጠብታ በምላሶቹ ላይ ይደርቅና ሚዛናቸውን ያጠፋል፤ ማራገቢያውም እየተንቀጠቀጠ ራሱን ይሰብራል።

በደጋ አገር አየሩ ቀጭን መሆኑ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ከተማ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም የሚፈላው፣ ሽሮና ባቄላም ለመብሰል ጊዜ የሚፈጅባቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማራገቢያም ይህን ይቀምሳል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ማራገቢያ በወረቀቱ ላይ 100 ሚሊሜትር ግፊት ይሰጣል ተብሎ ቢጻፍ፣ ያ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የተለካው በባሕር ጠለል አየር ነው። እዚህ በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚሰጠው 75 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የሚያነሣው የአየር ስፋት አይለወጥም፤ ክብደቱ ግን ይቀንሳል። በሌላ በኩል ምድጃው ያንኑ ነዳጅ ለማቃጠል ያንኑ የአየር ክብደት ይፈልጋልና በዚህ አገር የሚያስፈልገው የአየር ስፋት በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ስለዚህ ለደጋ አገር ታስቦ ያልተመረጠ ማራገቢያ በሁለት ወገን ይጐድለዋል። ጕድለቱ በመጀመሪያ የሚታየው በምርቱ ላይ አይደለም፤ ጢሱ በሚሳብበት ቆብ ላይ ነው፤ ሠራተኛው አጠገብ ያለው አቧራ ሳይሳብ ይቀራል። መኪና ለሚገዙ፣ ጨረታ ለሚያወጡ፣ ፈቃድ ለሚሰጡ ሰዎች ሁሉ «ይህ ማራገቢያ በ2400 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የማያስከትል ጥያቄ ነው።

ውሃ የሚስማማበትና የማይስማማበት ስፍራ

ውሃ ለሁሉም አቧራ መድኃኒት አይደለም። የሚስማማው በተለይ ለስኳር ፋብሪካ ነው። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ በፋብሪካው ማፍያ ሥር ይነድዳል። ከዚያ የሚወጣው አመድ ቀላልና በራሪ ነው፤ ጢሱም እርጥበት አለው፤ ፋብሪካውም ያለ ውሃ የማይሠራ ስለ ሆነ በውሃ ማጠብ በብዙ አገር ለገለባ ማፍያ የተለመደ ዘዴ ሆኗል። በድንጋይ መፍጫም ውሃ ይጠቅማል፤ ብልሃቱ ግን አቧራው ከተነሣ በኋላ ማሳደድ ሳይሆን ድንጋዩ ወደ መንጋጋው ሳይገባ ማርጠብ ነው። ይህ ከጥርጊያው በፊት ወለሉን እንደ ማርከፍከፍ ነውና ጥቂት ውሃ ብዙ ይሠራል። ከመንጋጋው በላይና ጠጠሩ ከሚወድቅበት አፍ ላይ የሚደረገው ርጭት ሁለተኛ ረዳት ነው።

የሲሚንቶ እቶን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሲሚንቶ አቧራ ውሃ ሲነካው በቧንቧው ውስጥ ይደነድናል። ከዚህም በላይ የተያዘው አቧራ ወደ ምርት የሚመለስ ሀብት ነው። ስለዚህ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች አቧራቸውን የሚይዙት በጨርቅ ከረጢቶች በማጣራት፣ ወይም አቧራውን በኤሌክትሪክ ኀይል ወደ ብረት ሰሌዳ በመሳብ ነው። ቢሆንም በብዙዎቹ ውሃ ከዚያም አልጠፋም፤ ከእቶኑ የሚወጣው ጢስ እጅግ የጋለ ስለ ሆነ ወደ ማጣሪያው ከመድረሱ በፊት በረጅም ግንብ ውስጥ በደቃቅ ርጭት ይቀዘቅዛል። ርጭቱ እስኪተን ድረስ የተመጠነ ሊሆን ይገባዋል፤ አንድ ጠብታ ሳይተን ቢያልፍ ከረጢቱን ጭቃ ያደርገዋል።

በወፍጮ ቤት ደግሞ ውሃ ፈጽሞ አይረጭም። ዱቄቱ ሊጥ ይሆናል፤ ይሻግታል፤ አይጥና ነቀዝም ይጠራል። ለዱቄት የሚስማማው ማራገቢያው ዱቄቱን ከሚነሣበት አፍ ስቦ፣ በሾጣጣ በርሜል ውስጥ እያዞረ ከባዱን የሚጥለው፣ የቀረውንም በጨርቅ ከረጢት የሚያጣራው መሣሪያ ነው። ይህን ለመግዛት አቅም የሌለው ወፍጮ ቤት በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ መስኮት ከፍቶ ነፋሱ ከፈጪው ጀርባ ገብቶ ከፊቱ እንዲወጣ ቢያደርግ ብዙ ይረዳዋል። ዱቄት በአየር ውስጥ በብዛት ተበትኖ እሳት ካገኘ እንደ ባሩድ የሚነድድ ስለ ሆነ በወፍጮ ቤት ውስጥ ክብሪት መጫርና ሲጋራ ማጨስ አይገባም። ፈጪዎች አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ወይም በሻሽ ሲሸፍኑ እናያለን፤ ይህ ወፍራሙን ይቀንሳል፤ ደቃቁን ግን አያስቀርም።

ለመምህራን አንድ ነገር እንጨምር። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ የሚነሣው ብናኝ በመጀመሪያ የሚያገኘው አጥፊውን ራሱንና በፊት መቀመጫ ያሉትን ልጆች ነው። እርጥብ ጨርቅ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ረፋድ ላይ የፀሐይ ጨረር በሚገባበት ክፍል አንድ ጊዜ በደረቅ፣ አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ሰሌዳውን አጥፍቶ ጨረሩን ማሳየት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

በውጭ ሆኖ ስለ መመልከት

ወደ ፋብሪካ ግቢ ሳይገባ የሚታወቅ ነገር አለ። ከማጠቢያ የሚወጣ ጢስ ውሃ ስለ ጠጣ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በተለይ በደጋ ብርድ ጧት ነጩ ረጅም ጅራት ይኖረዋል። ነጩን አይቶ «ይህ ሁሉ መርዝ ነው» ማለት ስሕተት ነው፤ «ነጭ ስለ ሆነ ንጹሕ ነው» ማለትም ያው ስሕተት ነው። መመልከት የሚገባው ነጩ እንፋሎት ተንኖ ከጠፋበት ስፍራ በኋላ ያለውን ነው። እንፋሎቱ ሲጠፋ ሰማዩ ጠርቶ ከታየ ማጠቢያው እየሠራ ይሆናል። ከእንፋሎቱ በኋላ ግራጫ ወይም ሰማያዊ የመሰለ ጭጋግ ወደ ሩቅ ከተዘረጋ ግን ያ ደቃቅ አቧራ ነው።

ውስጥ ገብቶ ለመመርመር ሥልጣን ያለው ደግሞ ቀደም ብለን የጠቀስነውን የተጠማዘዘ ቱቦ ይፈልግ፤ በማጠቢያው ግራና ቀኝ ያለውን የግፊት ልዩነት የሚያሳይ መለኪያ ነውና። ፋብሪካው ሲተከል የነበረው ልዩነት አሁን ካነሰ ውሃው ቀንሷል፣ ወይም ጕሮሮው ተበልቷል፣ ወይም ማራገቢያው ዝግ ብሏል ማለት ነው። መለኪያው ተሰብሮ ቢገኝም እርሱ ራሱ መልስ ነው። ይህ ሁሉ በችሮታ የሚጠየቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ስለ አካባቢ ብክለት ቍጥጥር በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 300 ወጥቷል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድደዋል።

አቧራውን የያዘው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ

እስካሁን የተናገርነው አቧራው ከአየር ወደ ውሃ ስለ መተላለፉ ነው። አቧራው ግን አልጠፋም፤ ቤት ለወጠ እንጂ። በለንደን ከተማ ባተርሲ የተባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከከሰል ጢሱ ውስጥ በተለይ የድኝ ጋዙን ለማስወገድ በታምዝ ወንዝ ውሃ ያጥበው ነበር። በዚያ ዘመን እንደ ታላቅ ሥራ ተቈጥሯል፤ ሆኖም የታጠበበት ውሃ ተመልሶ ወደዚያው ወንዝ ፈሰሰ፤ የታጠበውም ጢስ ስለ ቀዘቀዘ ወደ ላይ መውጣት ትቶ በሰፈሩ ላይ የሚወርድበት ጊዜ ነበር። በኅዳር ወር 1945 ዓ.ም. መጨረሻ ለንደንን ለአምስት ቀን የሸፈናትና በዚያን ጊዜ ግምት ወደ 4000 ሰዎች የገደለው የጢስ ጭጋግ የመጣው ከሌሎች እጅግ ብዙ ምድጃዎች፣ በተለይም ከመኖሪያ ቤቶች ከሰል ነው፤ ያን ሁሉ ደግሞ በአንድ ማመንጫ ማጠቢያ ማስቀረት አይቻልም ነበር።

ለኛ አገር የሚጠቅመው ትምህርት የወንዙ ነገር ነው። ቬንቱሪ ለአንድ ሜትር ኩብ ጢስ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ቀደም ብለን በምሳሌ ያነሣነው ምድጃ በሴኮንድ 10 ሊትር፣ ማለት በየ20 ሴኮንዱ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውሃ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ከወንዝ እየቀዱ ወደ ወንዝ መድፋት አይቻልም፤ እንደ ውትርን ያሉት ወንዞቻችን በጋ ሲገባ ይቀንሳሉ፤ ከበታቻቸውም ሰው ልብስ ያጥባል፣ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይጠጣበታል። ስለዚህ ውሃው ወደ ማዝቀጫ ኩሬ ገብቶ ጭቃው ከተቀመጠ በኋላ ጠረው ተመልሶ ወደ መርጫው ይሄዳል፤ ከውጭ የሚጨመረው በእንፋሎት የሄደውንና ከጭቃው ጋር የወጣውን የሚተካ ብቻ ነው። ኩሬው ትንሽ ከሆነ ጭቃ የቀላቀለ ውሃ ወደ አፈሙዞቹ ይመለስና ይደፍናቸዋል፤ አንድ አፈሙዝ በተደፈነ ጊዜ በግንቡ ውስጥ ውሃ የማይደርስበት ጐዳና ይፈጠራል፤ ጢሱም ያንን ጐዳና አያጣውም።

ኩሬው የሚጠረገው በግንቦት ወር፣ የሰኔ ዝናብ ሳይጥል ነው። የወጣው ጭቃ ከወንዝ ዳር ርቆ፣ ከሥሩ ሸክላ አፈር በተጠቀጠቀበት ጕድጓድ ውስጥ ይከማቻል፤ ሲደርቅ ተመልሶ አቧራ ስለሚሆን አፈር ይለብሳል፣ ሣርም ይተከልበታል። ሳይጠረግ ክረምቱ የደረሰበት ኩሬ በመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ዓመቱን ሙሉ ከጢስ ማውጫው የተያዘው አቧራም በአንድ ሌሊት ወደ ወንዙ ይወርዳል።